የተቋረጠ ንባብን የሚያስቀጥል ልብ ወለድ እንዴት ይመረጣል?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ክፍል ውስጥ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ አንድ መጽሐፍ አይጠፋም። አንዳንዱ ከትራስ አጠገብ፣ አንዳንዱ ከቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ ይታያል። ባለቤቱ በተማሪነት ዘመኑ ልብ ወለድ ይዞ ሌሊቱ ሲነጋበት የኖረ፣ ከጓደኞቹ ጋር መጽሐፍ ሲዋዋስ ያደገ ሰው ሊሆን ይችላል። ዛሬ ግን ያ መጽሐፍ አራተኛው ወይም አምስተኛው ገጹ ላይ እንደታጠፈ ወራት ያልፉታል። ባለቤቱም «ድሮ አንባቢ ነበርኩ» ይላል፤ የጠፋበትን ነገር እንደሚያውቅ፣ የሚመለስበትን መንገድ ግን እንዳላገኘ ሰው።

መንገዱ አለ፤ ብዙዎች ግን የሚጀምሩት ከተሳሳተው ጫፍ ነው። በአዲስ ዓመት ዋዜማ «ዘንድሮ ይህን ያህል መጽሐፍ አነባለሁ» ብለው ይወስናሉ፤ ወፍራም የታሪክ ወይም የምክር መጽሐፍ ይዘው ይቀመጣሉ፤ በሁለተኛው ሳምንት ይተዉታል። ውሳኔ ብቻውን ሰውን ወደ ንባብ አይመልስም። የሚመልሰው «ያቺ ልጅ ከዚያ በኋላ ምን ደረሰባት?» የሚል ጥያቄ ነው። ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ ዕጣ መጨነቅ የጀመረ አንባቢ መጽሐፉን ለማንሣት ራሱን መገሠጽ አያስፈልገውም። ስለዚህ ለተቋረጠ ንባብ የመጀመሪያው መድኃኒት ተገቢ ምርጫ ነው፤ ይኸውም ልብን የሚነካና እስከ መጨረሻው የሚያስከትል ልብ ወለድ።

ልማዱ የጠፋው በስንፍና አይደለም

ንባብን የተወ ሰው ራሱን በስንፍና ይወቅሳል። ምክንያቱ ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው። ረጅም የሥራ ሰዓት፣ ከሥራ ቦታ ወደ ማደሪያ የሚወስደው ጉዞ፣ ለብዙ ሰዎች የጋራ የሆነ ክፍል፣ ማታ ማታ ለቤተሰብ የሚደረገው የስልክ ጥሪ፣ እነዚህ ሁሉ የቀኑን ጸጥታ ይከፋፈሉታል። የቀረችውን ሰዓት ደግሞ የእጅ ስልክ ይወስዳታል። ስልክ በየጥቂት ሰኮንዱ አዲስ ነገር ያቀርባል፤ መጽሐፍ ግን አንባቢው ሃያና ሠላሳ ገጽ እስኪታገሥ ይጠብቃል። በአጫጭር ምስሎች የለመደ ዓይን ረጅም አንቀጽ ሲያይ ቢዝል አያስደንቅም። ትኩረት በልምምድ የሚጠነክር፣ ሲተዉት የሚላላ ችሎታ ነውና።

እንዲህ ያለው አንባቢ ራሱን ለመቅጣት ይመስል ከባድ መጽሐፍ ሲመርጥ ንባብ ከሥራ በኋላ የሚመጣ ሌላ ሥራ ይሆንበታል። የደከመ ሰው ደግሞ ሁለተኛ ሥራ አይወድም።

በዚህ መካከል የሚጠፋው ነገር ቀላል አይደለም። ቀኑን በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ትእዛዝ ሲቀበልና ሲመልስ የሚውል ሰው፣ አማርኛው ቀስ በቀስ ወደ ጥቂት የስልክ ቃላት ይጠብባል፤ «ደህና ናችሁ? ገንዘቡ ደረሰ? ልጆቹ እንዴት ናቸው?» ለናፍቆት፣ ለጸጸት፣ ለቁጣና ለይቅርታ የሚሆነው ሰፊው ቃል ሳይነገር ይከርማል። በውስጡ የሚመላለሰውን ስሜት ስም ሊሰጠው የሚቸገር ሰውም ጥቂት አይደለም። ጥሩ ልብ ወለድ ይህን ቃል መልሶ ያቀብላል። በሌላ ሰው ሕይወት ውስጥ ተነግሮ ሲያገኘው፣ አንባቢው የራሱን ስሜት ያውቀዋል።

ታሪክ አንባቢውን የሚይዘው እንዴት ነው?

ሰው በታሪክ መመሰጡን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በጥናት መርምረውታል። ሜላኒ ግሪንና ቲሞቲ ብሮክ የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ይህን ሁኔታ አንባቢው ወደ ታሪኩ ዓለም «መወሰዱ» ብለው ገልጸውታል። በእነርሱ አገላለጽ ሦስት ነገሮች በአንድነት ወደ ታሪኩ ይሰበሰባሉ፤ ትኩረት፣ በምናብ የሚታይ ሥዕልና ስሜት። ሦስቱ ሲገናኙ አንባቢው የተቀመጠበትን ክፍል ለጊዜው ይረሳል። ትኩረት በግድ ሲፈለግ ይሸሻል፤ ስሜት ሲነካ ግን ሳይጠራ ይመጣል። ልብን የሚነካ ልብ ወለድ ለተመላሽ አንባቢ የሚመከረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ኢትዮጵያውያን ይህን ከጥናቱ አስቀድመው በኑሮ ያውቁታል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅት ሲተረክ፣ ማንበብ የሚችለውም የማይችለውም በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ይሰበሰብ ነበር። አድማጩን የያዘው የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ዕጣ ነበር። የሚቀጥለውን ክፍል ለመስማት ማንም ማንንም ማስገደድ አላስፈለገውም።

ከዚህ የጠነከረ ምሳሌም አለ። ገጣሚና ጋዜጠኛ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን በማዕከላዊ እስር ቤት ሳሉ የአሜሪካዊቷን ደራሲ የማርጋሬት ሚቸልን ታላቅ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ መልሰዋል። ደብተር ስላልነበራቸው የጻፉት በሲጋራ ፓኬት ወረቀቶች ላይ ነበር። ወረቀቶቹ ቀስ በቀስ ከእስር ቤቱ ወጥተው ሥራው «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ለአንባቢ ደረሰ። በሩቅ አገር የነበረች አንዲት ሴት ጦርነትንና ረኀብን ተሻግራ ለመኖር ያደረገችው ትግል፣ ነገውን ለማያውቅ እስረኛ ይህን ሁሉ ድካም የሚያስከፍል ሆኖ ተገኝቷል። ጊዜ፣ ወረቀትና ነጻነት በሌለበት ቦታ ታሪክ ሰውን እንዲህ ከያዘ፣ ከድካም በኋላ በምትገኝ ግማሽ ሰዓትም ሊይዘው ይችላል።

አራት መመዘኛዎች

ልብን የሚነካ ሁሉ ለተመላሽ አንባቢ ይስማማል ማለት አይደለም። መጽሐፉን ከመጀመር በፊት አራት ነገሮችን መመልከት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው የታሪኩ ጥያቄ ለአንባቢው ሕይወት ያለው ቅርበት ነው። ከወላጅ የተለየ ስለ መለያየት፣ ሕልሙን ያዘገየ ስለ ዘገየ ሕልም፣ በሁለት ባህል መካከል የሚኖር ስለ ማንነት የተጻፈ ታሪክ ቶሎ ይይዘዋል። ነገር ግን ቅርብ ማለት ትኩስ ቁስል ማለት አይደለም። በቅርቡ ሐዘን የደረሰበት ሰው ስለ ሞት በሰፊው የሚተርክ መጽሐፍ ቢይዝ ንባቡ ሳይሆን ሐዘኑ ሊቀጥል ይችላል። ጥያቄው የሚያውቀው፣ መልሱ ግን ከእርሱ ትንሽ የራቀ ታሪክ የተሻለ መነሻ ነው።

ሁለተኛው በመጀመሪያዎቹ ገጾች የሚታሰብለት ሰው መኖሩ ነው። ዐሥር ገጽ አንብቦ «ይህ ሰው ምን ይሆን ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ መጽሐፉን አግኝቷል። እስከ ሠላሳኛው ገጽ ድረስ ለማንም ገጸ ባሕርይ ካላሰበ፣ መጽሐፉ መጥፎ ነው ማለት ባይሆንም የዚህ ጊዜ መጽሐፉ አይደለም። ያለ ጸጸት አስቀምጦ ሌላ ማንሣት ይገባዋል። አንድን መጽሐፍ አለመጨረስ ነውር መስሎ ስለሚታይ ብቻ በአንድ መጽሐፍ ታስረው ንባብን ጨርሰው የተዉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ሦስተኛው ቋንቋው ነው። አንድ ገጽ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ጥሩ መፈተኛ ነው። ዐረፍተ ነገሩ በአፍ ላይ ከሄደ፣ ምልልሱ ሰው ሲነጋገር ከመሰለ፣ አንባቢው ከቃላት ጋር ሳይታገል ወደ ታሪኩ ይገባል። ጥልቅና የተወሳሰበ አጻጻፍ ያላቸው ሥራዎች፣ ለምሳሌ የአዳም ረታ ልብ ወለዶች፣ ትልቅ ዋጋ ያላቸው ናቸው፤ ሆኖም ትኩረቱ ገና ላልተመለሰ አንባቢ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው መጽሐፍ በኋላ ቢደርሱ ይሻላል።

አራተኛው መጠኑ ነው። ለመነሻ የሚያዝ መጽሐፍ በሁለትና በሦስት ሳምንት የሚያልቅ ቢሆን መልካም ነው። መጽሐፍ ጨርሶ መዝጋት የራሱ ደስታ አለው፤ ያም ደስታ ቀጣዩን መጽሐፍ ያስመርጣል።

በእነዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨመር። እንባ የሚያስፈስስ መጽሐፍ ሁሉ ልብን የነካ አይባልም። አንዳንድ ታሪክ በገጸ ባሕርያቱ ላይ መከራ በመከራ እየደራረበ አንባቢውን ያስለቅሳል፤ መጽሐፉ ሲዘጋ ግን ምንም አይተርፍም። ጥሩው ልብ ወለድ መከራውን ከሰዎቹ ጠባይና ከኖሩበት ሥርዓት ያወጣዋል። አንባቢው አዝኖ ብቻ አይቀርም፤ ለምን እንደሆነ ያስባል፤ ከጓደኛውም ጋር ይከራከርበታል።

ከየትኛው ይጀመር?

የአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ ራሱ ለተመላሽ አንባቢ የሚሆን ደረጃ ያቀርባል።

በመጠን አጭሩ መነሻ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 በሮም የታተመው ይህ ሥራ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ እንደሆነ ይታወቃል፤ ሲታተም የያዘው ርእስም «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ነበር። ገጹ ወደ ዘጠና ይጠጋል። በውስጡ ለአባቱ ማስለቀቂያ ገንዘብ የሰጠውን ባለውለታ ነጋዴ ፍለጋ ከቤቱ የሚወጣ ወጣት አለ፤ እርሱ ሲቀር ደግሞ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ የምትነሣ መንትያ እኅት አለች። የቤተሰብን ዕዳ ለመክፈል ወደማያውቀው አገር የወጣ ልጅ፣ መንገድ መንገድ የሚያይ ቤተሰብ፤ ይህ ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያስቆጥርም ለዛሬው ሠራተኛ እንግዳ አይሆንም። ቋንቋው የቆየ ስለሆነ በመጀመሪያ ዝግ ብሎ፣ ከተቻለም ድምፅ እያወጡ ማንበብ ይረዳል።

ዘመናዊ አማርኛ የሚመርጥ አንባቢ የበዓሉ ግርማን «ከአድማስ ባሻገር» ሊይዝ ይችላል። በ1962 ዓ.ም. የወጣው ይህ ልብ ወለድ አበራ ወርቁ የተባለን፣ በቢሮ ሥራና በሥዕል ፍቅር መካከል የተወጠረ ሰው ያሳያል። ቤተሰብና ኅብረተሰብ ከእርሱ የሚጠብቁት ሌላ፣ ልቡ የሚጠራው ሌላ ነው። «ትንሽ ጊዜ ልሥራና የራሴን ሕይወት እጀምራለሁ» ብሎ ከአገሩ የወጣ ሰው በአበራ ማመንታት ውስጥ የራሱን ድምፅ ይሰማል። ምልልሱ ፈጣን፣ ትዕይንቱ የከተማ ስለሆነ ለተመላሽ አንባቢ መንገዱ ቀና ነው።

ከእነዚህ በኋላ ለትልቁ መጽሐፍ ጊዜው ይደርሳል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም የተወለዱ፣ በጠላት ወረራ ጊዜ ተዋግተው የተማረኩ፣ በኢጣሊያም ለዓመታት የታሰሩ፣ ከነጻነት በኋላ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። መጽሐፉ ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ስለሆነ ብዙዎችን ያስፈራል። ታሪኩ ግን ከአንድ ቤት ይጀምራል። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል በዘር የሚመጥን ባል ሲመርጡ ዓመታት ያልፋሉ፤ ከድሃ ቤት የተወለደው የቤተ ክህነት ተማሪ በዛብህም ሊያስተምራት ወደ ቤቱ ይገባል። በአንድ መጽሐፍ ላይ ከተጎነበሱ ሁለት ወጣቶች መካከል የማይፈቀድ ፍቅር ይበቅላል። ጉዱ ካሣ የሚባለው፣ ሰው እብድ የሚለው ሰው ደግሞ የዘመኑን ሥርዓት ስሕተት ፊት ለፊት ይናገራል። አንባቢው ለሁለቱ ወጣቶች እያሰበ የመሬትን፣ የዘርንና የሥልጣንን ጥያቄ ሳያውቀው ይማራል። መጨረሻውን ለማያውቁ ሰዎች አለመንገር የቆየ ጨዋነት ነው።

የጦርነትና የፍቅር ታሪክ የሚስበው አንባቢ «ኦሮማይ»ን ያገኛል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ሥራ በአሥመራ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ወቅት ስለነበረ ጋዜጠኛ፣ ስለ ፀጋዬ ኃይለ ማርያም፣ እንዲሁም ስለ ፊያሜታ ይተርካል። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደወጡ አልተመለሱም። ሥራቸው ግን ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ታትሞ ለዓለም አንባቢ ቀርቧል። ይህ ልብ ወለድ ከባድ ስለሆነ ንባቡ ጥቂት ከጸና በኋላ ቢነሣ ይመረጣል።

ወደ አማርኛ የተመለሱ ሥራዎችም መልካም መግቢያ ናቸው። የቪክቶር ሁጎ ታላቅ ልብ ወለድ በሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ትርጉም «መከረኞቹ» ተብሎ ለአማርኛ አንባቢ ደርሷል። ለአንድ ዳቦ ሲል ዓመታት የታሰረና አንዲት ምሕረት ሕይወቱን የቀየረችለት ሰው ታሪክ ድንበር የለውም።

ዐረብኛ ወይም እንግሊዝኛ የሚያነቡ ደግሞ በዚሁ በባሕረ ሰላጤው ምድር የተጻፈ አንድ ሥራ አላቸው። ኩዌታዊው ሳውድ አልሳኑሲ «የቀርከሃ አገዳ» በተሰኘው ልብ ወለዱ ከኩዌታዊ አባትና ከፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ የተወለደ ልጅ የቱ ጋ እንደሚበቅል ይጠይቃል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2013 መቀመጫውን በአቡ ዳቢ ያደረገውን ዓለም አቀፍ የዐረብኛ ልብ ወለድ ሽልማት አሸንፏል። በሰው ቤት ሠርቶ የሚኖር አንባቢ የቤቱን ታሪክ ከሁለቱም ወገን ሆኖ እንዲያየው ያደርገዋል።

ከአንድ መጽሐፍ ወደ ልማድ

ጥሩ ታሪክ ሰውን ወደ መጽሐፉ ይመልሰዋል፤ ልማዱን የሚያጸናው ግን ቋሚ ሰዓትና ቋሚ ቦታ ነው። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎች ላይ ያካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ለዚህ ጥሩ መረጃ ይሰጣል። ተሳታፊዎቹ ከምግብ፣ ከመጠጥ ወይም ከስፖርት አንድ ቀላል ተግባር መርጠው በየቀኑ ከተወሰነ ጊዜ ወይም ድርጊት ጋር እያያያዙ ፈጸሙት። ተግባሩ ሳያስቡት የሚያደርጉት እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወሰደ፤ ለአንዳንዱ 18፣ ለሌላው 254 ቀን እንደሚደርስ ተገመተ። አንድ ቀን ማለፉም ልማዱን እንዳላበላሸ ታየ። ጥናቱ ስለ ንባብ የተደረገ ባይሆንም ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ በአንድ ሳምንት የማይሳካ ነገር አልተሳካም አይባልም፤ ያለፈች አንዲት ማታም የተጀመረውን አታፈርስም።

ሒሳቡን በዐሥር ገጽ መሥራት ይቻላል። በቀን ዐሥር ገጽ የሚያነብ ሰው «ጦቢያ»ን በዘጠኝና በዐሥር ቀን ይጨርሳል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚያህል መጽሐፍ ደግሞ በሁለት ወር ገደማ ያልቃል፤ ይህም ጥናቱ ለልማድ ካገኘው አማካይ ጊዜ ጋር የሚቀራረብ ነው። አንድ ትልቅ መጽሐፍ ሲያልቅ ልማዱም አብሮ ሊተከል ይችላል ማለት ነው።

ሰዓቱን ከነበረ ድርጊት ጋር ማያያዝ ይረዳል፤ ከማታ ሻይ በኋላ፣ ከጸሎት በኋላ፣ ለቤተሰብ ከተደወለ በኋላ፣ ወይም በሠራተኛ አውቶቡስ ጉዞ ላይ። በዚያች ሰዓት ስልኩ ከእጅ ርቆ ቢቀመጥ ይሻላል። መጽሐፉ በስልክ የሚነበብ ከሆነም የመልእክት ድምፆችን ማጥፋት ይገባል። ሌላው ብልሃት በሚያጓጓ ቦታ ላይ ማቆም ነው፤ ምዕራፍ ጨርሶ ከመዝጋት ይልቅ ነገሩ ሲሞቅ የተዘጋ መጽሐፍ በማግስቱ ራሱ ይጠራል።

በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች በቤት ውስጥ ሥራ የተሠማሩ ሰዎችም የዕረፍት ጊዜያቸው በሕግ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ፌዴራላዊ አዋጅ ደመወዝ የሚከፈልበት ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን፣ በየዕለቱም ከ12 ሰዓት የማያንስ ዕረፍት፣ ከዚህም ውስጥ 8ቱ ተከታታይ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ከዚህ ዕረፍት ውስጥ ለመጽሐፍ የምትወጣው ግማሽ ሰዓት ትንሽ ናት፤ ግን የራስ ናት።

ብቻውን የሚከብደው ደግሞ ጓደኛ ይፈልግ። ሁለት ሰዎች አንድ መጽሐፍ ይዘው በዕረፍት ቀን «የት ደረስክ? እርሱ እንዲህ ማድረግ ነበረበት?» ቢባባሉ ንባቡ ጨዋታ ይሆናል። በጋራ ክፍል ለሚኖሩ አንዱ አንባቢ ሌሎቹ አድማጭ ሆነው የአንድ ምዕራፍ ማታ ማዘጋጀት የድሮውን የሬዲዮ ዙሪያ ይመልሳል። ልጆች ያሉት ቤተሰብም ከዚህ ብዙ ያተርፋል፤ በባዕድ አገር የሚያድግ ልጅ ወላጁ አማርኛ ሲያነብ ካላየ ቋንቋው የስልክ ሰላምታ ብቻ መስሎት ያድጋል።

መጽሐፉ ከየት ይገኛል?

የአማርኛ መጻሕፍት በባሕረ ሰላጤው ገበያ እንደልብ አይገኙም። አስተማማኙ መንገድ ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው ከአዲስ አበባ መጻሕፍት መደብሮች ገዝቶ እንዲያመጣ መላክ ነው። አንድ መጽሐፍ በዐሥር ሰዎች እጅ ቢዞር ለሁሉም ይበቃል፤ የተቀባዮችን ስም ከጀርባው መጻፍ እንዳይጠፋ ይረዳል። በስልክ የሚሰራጩ ያልተፈቀዱ ቅጂዎች ግን የደራሲውን ድካም ያለ ዋጋ የሚያስቀሩ ናቸው፤ የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት ይጠብቃል። በሕጋዊ መንገድ የቀረቡ የድምፅ ትረካዎች ለተመላሽ አንባቢ መልካም ድልድይ ናቸው፤ ጥቂት ምዕራፍ በጆሮ ሰምቶ ቀሪውን በዓይን መቀጠል ይቻላል።

ንባብን በተመለከተ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ያለው ድባብም የሚያበረታታ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. 2016ን የንባብ ዓመት ብላ ሰይማ ብሔራዊ የንባብ ሕግ አውጥታለች፤ የመጋቢት ወርም በየዓመቱ የንባብ ወር ሆኖ ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ1982 የተጀመረው የሻርጃ ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ ዐውደ ርእይ በየዓመቱ የብዙ አገሮችን አሳታሚዎች ያሰባስባል። በዱባይ በአል ጀዳፍ እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው የሙሐመድ ቢን ራሺድ ቤተ መጻሕፍት የተሠራው በመጽሐፍ ማስቀመጫ አትሮንስ ቅርጽ ነው። ዐረብኛና እንግሊዝኛ የሚያነቡ ሰዎች ብዙ መጻሕፍት ያገኙበታል፤ የራሱን የአማርኛ መጽሐፍ ይዞ የሚሄድም ጸጥታን ያገኛል።

ስሜቱ ሲከብድ

ልብን የሚነካ ልብ ወለድ አንዳንዴ ከሚጠበቀው በላይ ይነካል። ናፍቆት የበረታበት ሰው መጽሐፉን ዘግቶ ሲተክዝ ቢቆይ እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙውን ጊዜ ይህ ትካዜ ለጥቂት ሰዓት ቆይቶ ይቀላል፤ ከሰው ጋር ሲነጋገሩበት ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ከአንድ አሳዛኝ ሥራ በኋላ ሳቅ ያለበት ወይም የሚያጓጓ ጀብዱ ያለበት መጽሐፍ መያዝም ሚዛን ይጠብቃል። ሐዘኑ እንቅልፍ የሚነሣ፣ ለሳምንታት የሚቆይና ከሥራ የሚያስተጓጉል ከሆነ ግን ጉዳዩ የመጽሐፍ ምርጫ አይደለም፤ ለሚታመን ሰው መንገርና ሐኪም ማማከር ይገባል። መጽሐፍ ጥሩ ጓደኛ ነው፤ የሰውን ቦታ ግን አይተካም።

ንባብን የተወ ሰው ንባብን የረሳ አይደለም። በአንድ ወቅት ሌሊቱን ያነጋበት መጽሐፍ ርእሱም፣ የለቀሰበት ገጽም ትዝ ይለዋል። መነሻው እዚያው ነው። ያንኑ መጽሐፍ ወይም የእርሱን ዓይነት ታሪክ አንሥቶ፣ ዛሬ ማታ ዐሥር ገጽ ብቻ አንብቦ፣ ነገሩ ሲሞቅ መዝጋት። ነገ ማታ መጽሐፉን የሚያስነሣው በአዲስ ዓመት የተገባው ቃል አይሆንም። በመንገድ ላይ የተተወው ያ ሰው የት እንደደረሰ የማወቅ ጉጉት ይሆናል።